አማቴ ሹራቡን በሙቅ ውኃ አጠቡብኝ

ደብዳቤው

«ሰላም እትዬ። የምጽፍልዎት ከዚሁ ከባሕር ዳር፣ ከዓባይ ማዶ ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምንኖረው ከባለቤቴ እናት ጋር ነው። እህቴ ከካናዳ ስትመጣ ንጹሕ የሱፍ ክር አመጣችልኝና ለባለቤቴ ሹራብ ጀመርኩለት። ባጃጅ ነው የሚሠራው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስለሚወጣ ብርዱ አሳዘነኝ። ሁለት ጊዜ ተርትሬ እንደገና ጀምሬ በአራት ወር ጨረስኩት። ለገና ሰጠሁት፣ ደስ ብሎት ለበሰው።

የከተራ ዕለት ከሥራ ስመለስ ሹራቡ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ለአምስት ዓመት ልጅ እንኳ አይበቃም። አማቴ ‹ለጥምቀት ንጹሕ ይልበስ› ብለው በፈላ ውኃና በሳሙና አሽተው አጥበውታል። የክሩ ቀለበት ተደፍኖ ዓይኑ አይታይም፣ እንደ ቆዳ ጠጥሯል። እኔ ሳለቅስ ባለቤቴ ሳቀ። እሳቸው ደግሞ ‹ምን ያስለቅሳል፣ ለልጅ ይሆናል› አሉኝ።

የሚገርመው፣ ለእሳቸው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን የፌልት፣ ማለትም ሆን ተብሎ ታሽቶ የሚጠብ ሱፍ፣ የቤት ጫማ ልሠራላቸው ሞክሬ ነበር። ከገበያ በገዛሁት ክር ሰፋ አድርጌ ሠራሁና ሙቅ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት አሸሁት። እሱ ጭራሽ ሰፍቶ ተልፈሰፈሰ። መጥበብ ያለበት አልጠበበ፣ መጥበብ የሌለበት ጠበበ። ከአማቴ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ካወራን ሦስት ሳምንት ሆነን። ሹራቡ ይድናል ወይ? ሁለተኛ ለዚህ ቤት መርፌ አላነሳም ብዬ ምያለሁ። አጥፍቻለሁ?»

መርፌ የጣለች


መልሱ

መርፌ የጣልሽው እህቴ፣

መርዶውን አስቀድሜ ላርዳሽ። ሹራቡ አይድንም። ትንሽ ብቻ ጠብቦ ቢሆን ኖሮ ለብ ባለ ውኃ የፀጉር ኮንዲሽነር በጥብጠሽ፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈሽ፣ ቀስ እያልሽ በመሳብ አንድ ሁለት ጣት ማስመለስ ይቻል ነበር። «ዓይኑ አይታይም፣ እንደ ቆዳ ጠጥሯል» ካልሽኝ ግን አለቀ። የተጋገረ እንጀራ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም። የአራት ወር ሥራ ነው፣ ማልቀስሽ አይገርምም። የባለቤትሽን ሳቅ በኋላ እመጣበታለሁ።

«መጥበብ ያለበት አልጠበበ፣ መጥበብ የሌለበት ጠበበ» ብለሻል። ዕድሌ ነው ብለሽ እንዳይሆን። ሁለቱም የተፈጠሩበትን ነው ያደረጉት።

የባሕር ዳር ሰው ነሽና ዓሣ ነክተሽ ታውቂያለሽ። ቆሮሶን ከራሱ ወደ ጭራው ስትዳስሺው ይለሰልሳል። ከጭራው ወደ ራሱ ስትመልሺ ቅርፊቱ እጅሽን ይይዘዋል። አምባዛ ቅርፊት የሚባል ነገር የለውም፣ ወዲህም ወዲያም ያዳልጣል። የበግ ፀጉር እንደ ቆሮሶ ነው። በዓይን የማይታይ ቅርፊት በላዩ ላይ ተደርድሯል፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የተኛ። ሙቅ ውኃና ሳሙና ሲያገኘው ቅርፊቱ ብድግ ይላል። በዚያ ላይ ሲታሽ አንዱ ፀጉር በሌላው ውስጥ እየተሹለከለከ ይሄዳል። ወደ ኋላ ልመለስ ቢል ቅርፊቱ ይይዘዋል። እንዲህ እየተጠላለፈና እየተጠጋጋ ያየሽው ላይ ይደርሳል። ፌልት የሚባለው ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። አማትሽ ኢንተርኔት ሳያዩ አንደኛ ደረጃ ፌልት ሠርተዋል!

አንቺ የገዛሽው ክር ደግሞ አምባዛ ነው። ገበያ ላይ በጥቅል የሚሸጠው በየቀለሙ የተደረደረ የሹራብ ክር ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ ነው። ከፕላስቲክ ዘር ነው፣ ቅርፊት የለውም። ቀን ሙሉ ብታሺውም አይጠብም። ሙቀት ከበዛበት የመሰብሰብ ጉልበቱን ያጣና ይልፈሰፈሳል፣ ልክ እንዳየሽው። ከውጭ የሚመጣ ሱፍ ውስጥም ወጥመድ አለ። ወረቀቱ ላይ «በማሽን ይታጠባል» የሚል ካለ ቅርፊቱ በኬሚካል ተነክቷል ማለት ነው። ለሹራብ እሰየው፣ ለፌልት ግን አይሆንም።

ክሩ ምን እንደሆነ ካላወቅሽ በእሳት ጠይቂው። ጣት የሚያህል ቁረጪ፣ በመቆንጠጫ ያዢው፣ ከሥሩ የብረት ሳህን አድርጊና ክብሪት ለኩሺበት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቂው ራሱ ይጠፋል፣ የሚቀረው ጥቁር አመድ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ድርቅ ያለ ነገር ይተዋል። ሲቀልጥ እንዳይንጠባጠብብሽ ብቻ፣ ቆዳ ላይ ከወረደ ክፉኛ ያቃጥላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት። እሷን ሠርተሽ ቢሆን ኖሮ ያን አንድ ሰዓት ሳፋ ላይ አታጎነብሺም ነበር።

አሁን ወደ አማትሽ።

በእሳቸው ዕድሜ ያለች እናት እዚህ አገር የምታውቀው ጥጥን ነው። ባዝታ፣ ፈትላ፣ ሸማኔ ሰጥታ፣ ጋቢውን ለብሳ ያደገች ናት። ከተማችን ራሷ የጥጥ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣልያን በተገኘው የጦር ካሳ ከቆመ ጀምሮ ስንቱ ቤት ከጥጥ እንጀራ በልቷል። ሱፍ የደጋ ነው። ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስና በርኖሱ ያለው መንዝ ነው እንጂ ጣና ዳር አይደለም። ጥጥ ደግሞ እንዴት እንደሚነጣ ታውቂያለሽ፦ ሙቅ ውኃ፣ ሳሙና፣ ከዚያ በደንብ ማሸት። ባይታሽ አይነጣም። ስለዚህ እሳቸው ለሹራቡ ያደረጉለት ለክት ልብስ የሚደረገውን ነው። ለማይረባ ልብስ ማን ውኃ ያፈላል? በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አድርገው ቢያሰጡት ኖሮ ሹራብሽ ዛሬ ደህና ነበር። ያጠፋው ማክበራቸው ነው።

ይህን ስል ንዴትሽን ልቀማሽ አይደለም። ግን ልጠይቅሽ፦ ሹራቡን ስትሰጪ እንዴት እንደሚታጠብ ለማን ነገርሽ? ለባለቤትሽ ነግረሽ ከሆነ ለማንም አልነገርሽም። ልብሱን የሚያጥበው እሱ አይደለማ።

እኔ ከብዙ ጥፋት በኋላ የያዝኳት አንዲት ልማድ አለችኝ። ለቤተሰብ ሹራብ ከመጀመሬ በፊት «ማን ይለብሰዋል?» ብዬ አልጀምርም። «ማን ያጥበዋል?» ነው የምለው። ክሩን የምትመርጥልኝ አጣቢዋ ናት። አጣቢዋ ሥራ የሚበዛባት ከሆነች፣ ወይም ሁሉንም ልብስ አንድ ሳፋ ውስጥ የምትዘፈዝፍ ከሆነች፣ ሱፍ አልሞክርም። አክሪሊክ ወይም ጥጥ እሠራለሁ፣ እገላገላለሁ። ሱፍ የምሰጠው ለብ ባለ ውኃና በፀጉር ሻምፑ ለሚያጥብ ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው ሳያሽ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ውኃውን ካስመጠጠ በኋላ ጥላ ውስጥ ዘርግቶ ማድረቅ አለበት። እርጥብ ሱፍ ገመድ ላይ ከተሰቀለ በክብደቱ ይወርዳል፣ እጅጌው ጉልበት ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ዘመድ ስንት አለሽ? እኔ ሁለት አሉኝ። አንዷ ራሴ ነኝ።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። አንድ ዓመት ደብረ ታቦር ላለችው አክስቴ ትልቅ የሱፍ ሻርፕ ሠራሁ። ደብረ ታቦር ከጉና ሥር ናት፣ ብርዷ ከእኛ ጋር አይወዳደርም። ለቡሄ ልጠይቃት ሄድኩ። ዓይኔ ሻርፑን ይፈልጋል፤ ትከሻዋ ላይ የለም፣ አልጋው ላይም የለም። ጓዳ ስገባ ቡሃቃው ሻርፔን ለብሶ ተቀምጧል። ለሙልሙሉ የተቦካው ሊጥ እንዲነሳ ሁለት ዙር ጠቅልላዋለች፣ ጫፉንም አስራዋለች። «እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ በዚህ ብርድ ሊጤን ያነሳልኝ ያንቺ ሥራ ነው» አለችኝ። አኩርፌ ሙልሙሉን ዝም ብዬ በላሁ። ክፋቱ ደግሞ ዳቦው እንደ ጥጥ ለስልሶ ነበር።

ቆይቼ ጠየቅኳት። ለካ ልትለብሰው ሞክራ ነበር። «አንገቴን በላኝ» አለች። እውነቷን ነው፣ ሻካራ ክር ነበር። እኔ ቀለሙን አይቼ ነው የገዛሁት። አሁን አዲስ ክር ስገዛ ትንሽ ቆርጬ አንገቴ ሥር ሸጉጬ ግማሽ ቀን እውላለሁ። ካሳከከኝ ለጫማ ወይም ለምንጣፍ ይሆናል፣ ለአንገት አይሆንም። አክስቴ ሻርፑን አሁንም ለቡሃቃው ታለብሰዋለች። የእሷ ነው፣ ያሻትን ታልብሰው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ክሩ ጽፈሻል፣ ስለ ወሩ ጽፈሻል፣ ስለ ዓይኑ ጽፈሻል። «ለልጅ ይሆናል» የምትለዋን ግን ጣል አድርገሽ አልፈሻታል። መግቢያው ላይ ደግሞ ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ ብለሻል። ለሹራብ ጥያቄ ማን የጋብቻ ዘመን ይቆጥራል? ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ። ካልተሳሳትኩ ግን ሦስት ሳምንት ያስኮረፈሽ ሱፉ አይመስለኝም።

እሳቸው ሊነኩሽ ብለው ይሁን፣ በድንጋጤ ከአፋቸው አምልጦ ይሁን፣ እዚህ ተቀምጬ አልፈርድም። ያጠፋ ሰው አፉ ያገኘውን ይናገራል። ልጅ በሚጠበቅበት ቤት ደግሞ የምራት ጆሮ ሁሉን ይሰማል፣ ያልተባለውንም ጭምር። ይህን ከአማትሽ ጋር አትጀምሪው። ከባለቤትሽ ጋር ጀምሪው። ማታ ባጃጁን አቁሞ ከገባ በኋላ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፦ «በሹራቡ ስቀሃል፣ እሱ ይለፍ። እማማ ለልጅ ይሆናል ሲሉኝ ዝም ማለትህ ነው የጎዳኝ» በይው። ሌላ አትጨምሪ። እናቱን ማናገር የእሱ ድርሻ ነው። ከልጃቸው አፍ ሲሰሙት ምክር ይሆናል፣ ከአንቺ ሲሰሙት ክስ።

ስለ ሳቁ፦ ወንድ ልጅ በእናቱና በሚስቱ መሃል ቆሞ የሚለው ሲጠፋው ይስቃል። ልክ ነው አላልኩም፣ እንደዚያ ነው ያልኩት። እሱም ቢሆን ሹራቡን ያጣው አንድ ወር እንኳ ሳይለብሰው ነው።

ለነገሩ ሹራቡ ለልጅም አይሆንም። የጠጠረ ሱፍ አይለጠጥም። የልጅ ራስ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው፣ በዚያ አንገት አያልፍም። ቢያልፍም ያሳክከዋል። ስለዚህ «ይቀመጥ» ብለሽ ሳጥን ውስጥ እንዳትከቺው። ሳጥኑን በከፈትሽ ቁጥር ነው የሚያምሽ።

መሐላሽን በተመለከተ፣ በንዴት የተማለ ነውና ንስሐ አባትሽን ጠይቂና ተይው። ባለቤትሽ አሁንም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይወጣል፣ የጣና ንፋስም አልቆመም። ግን ሙሉ ሹራብ ለምን አስፈለገ? ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። ጧት ያንቀጠቀጠው ሰው 3 ሰዓት ላይ ላብ በላብ ነው። እጅጌ የሌለው፣ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሰደርያ ሥሪለት። ደረቱን ከንፋስ ይጠብቅለታል፣ መሪ ሲይዝ ክንዱ ነፃ ነው፣ ሲሞቀው ባጃጁን አቁሞ ያወልቀዋል። በአክሪሊክ ሥሪው፣ እማማም እንደ ልባቸው ይጠቡት፣ የፈላ ውኃ ብቻ ይቅርበት። አራት ወር አይፈጅም፣ እጅጌው ነበር ጊዜሽን የበላው።

ሁለት ጊዜ የተረተርሽው ደግሞ ለምን እንደሆነ እገምታለሁ። ሳትለኪ ነው የጀመርሽው። የሁላችንም በሽታ ነው፣ ክር ስናይ መታገሥ አንችልም። በምትሠሪበት መርፌና ክር መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ሠርተሽ፣ አጥበሽና አድርቀሽ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ ቁጠሪ። 20 ከሆነ ለ100 ሳንቲ ሜትር ደረት 200 ዓይን ትጀምሪያለሽ። 20 ነው ብለሽ ስትገምቺ እጅሽ ጠበቅ ብሎ 22 ቢሆን ግን ያው 200 ዓይን 91 ሳንቲ ሜትር ላይ ያቆምሻል። በሁለት ዓይን ስሕተት ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ሄደ! የሰው ሆድ ደግሞ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር አይደብቅም።

ወደ ጠጠረው ሹራብ ልመለስ። ለአማትሽ የቤት ጫማ ልሠራላቸው አልሽ አይደል? ፌልቱ አለሽ፣ ራሳቸው ሠርተውልሻል። የቀረው መቁረጥና መስፋት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከብብቱ ሥር በመቀስ ትንሽ ቆርጠሽ እይው። ጫፉን ስትስቢው ካልተተረተረ ሙሉውን መቁረጥ ትችያለሽ። መቀሱን ስታነሺ እጅሽ እንደሚፈራ አውቃለሁ። አራት ወር ነው የምትቆርጪው። አንድ ቡና ጠጥተሽ ጀምሪ።

ልኩን ከእግራቸው ውሰጂ፣ ከአሮጌ ጫማቸው አትውሰጂ። በዕድሜ የገፋ ሰው እግሩ ማታ ያብጣልና ማታ ይሁን። «እማማ፣ እግርዎን እዚህ ካርቶን ላይ ያሳርፉልኝ» ብለሽ እግራቸው ሥር ቁጭ በይ። ምን ልታደርጊ ነው ቢሉሽ ንገሪያቸው። እርሳሱን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ወደ ውስጥ ካዘነበልሽው ልኩ ይጠብባል። ዙሪያውን ለስፌት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጨምሪ። ከሹራቡ ጀርባ ሁለት የጫማ ሶል ታወጫለሽ፣ ከፊቱ ሌላ ሁለት፣ ደርበሽ ትሰፊያለሽ። ላይኛው ከእጅጌው ይወጣል። የተረፈውን ቁራጭ ጀበና መያዣ አድርጊው። ሱፍ ስለሆነ ትኩስ ሲነካው አይቀልጥም፣ በአክሪሊክ ግን እንዳትሞክሪው።

ስፌቱ በወፍራም የጥጥ ክር ይሁን። አማትሽ የፈተሉት ካላቸው ሦስቱን አንድ ላይ አክርሪ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ፌልት ሴራሚክ ወለል ላይ ያዳልጣል፣ በዚህ ዕድሜያቸው ወድቀው ዳሌያቸው እንዳይሰበር። ከሥሩ ጎማ መስፋት አለብሽ። ባለቤትሽን አሮጌ ካላማዳሪያ ጠይቂው። በባጃጅ ነጂ ቤት ካላማዳሪያ አይታጣም።